ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ የዘንዶንስ?

ኅዳር 2

የአጎቴ ልጅ ሠዓሊ ነው። ብራና ላይ ነው የሚሥለው፤ በድሮው ወግ፣ ዐይናቸው የፈጠጠ ቅዱሳን፣ ፈረሰኞች፣ ክንፋም መላእክት። ዛሬ ጠዋት ጎንደር ፒያሳ ካለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቄ መጥቶ አንድ ጥቅል ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። ሰባት የፍየል ብራና። ሰባቱም ላይ በእርሳስ የተነደፈ ዘንዶ። ጊዮርጊስ የለም፣ ፈረስ የለም፣ ጦር የለም። ዘንዶ ብቻ።

«ለጥምቀት ነው የማደርሳቸው» አለኝ። «ከግርጌያቸው ስም ትጽፍልኛለህ። የሰው ስም እንዳይሆን ብቻ። የራሳቸው ቋንቋ ይኑራቸው።»

ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ። ደንበኛ እስኪመጣ ባለችው አሥር ደቂቃ ቶሎ ቶሎ ጻፍኩለት። ዛርኮን፣ ግሮማክስ፣ ትሪዞል። አነበበ። ዝም አለ። ደግሞ አነበበ።

«ይኼ ጤፍ ላይ የሚረጭ መድኃኒት ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ያስፈራሉ ብዬ የገጣጠምኳቸው ድምፆች ናቸው። ማን አወጣቸው፣ ለምን አወጣቸው ቢባል መልስ የለኝም። እንግዲህ ከባዶ እንጀምር። የሠራሁትን ሁሉ እዚህ ደብተር ላይ እይዛለሁ፤ አለዚያ እረሳዋለሁ።

ኅዳር 4

ማታ ሳወጣ ሳወርድ አንድ ነገር ገረመኝ። የእኛ ዘንዶዎች ስም የላቸውም።

ከልጅነታችን ጀምሮ ግድግዳ ላይ የምናየው የጊዮርጊስ ዘንዶ ማን ይባላል? ዛፍ ላይ የወጣችው ልጅ ብሩታዊት ትባላለች። ዘንዶው ዘንዶ ነው፤ ቢበዛ ደራጎን። አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ አምባ ላይ ያወጣቸው ዘንዶስ? ያን ያህል ውለታ ውሎ ስም የለውም። ሕዝቡን ልጃገረድና ከብት እያስገበረ ነገሠ የሚባለው አርዌ እንኳ ስሙ ስም አይደለም። በግዕዝ አውሬ ማለት ነው። አንጋቦ መርዝ ባበላው ፍየል ገደለው ይባላል። ገዳዩ አንጋቦ፣ ሟቹ «አውሬው»። ስም ይዞ የተረፈው ሌዋታን ነው፤ እሱም የባሕር ነው።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። እነዚህ ዘንድ መልአኩ አልደረሰም።

ኅዳር 6

ዛሬ ቁስቋም ናት። ሱቅ ዘግቼ ቤት ዋልኩ። ሥራው ግን እዚያው መጣ።

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በስልኬ ያነሣሁትን ንድፍ ሲያይ ቆየና «ጋሼ፣ ከንፈር የለውም እኮ» አለኝ። አየሁት። እውነትም የለውም። አፉ እንደ እንሽላሊት ነው፤ ተሰንጥቆ ጥርስ ላይ የሚገጥም።

ከንፈር ከሌለው ደግሞ ሁሉንም ፊደል መናገር አይችልም።

ሁለታችን መስታወት ፊት ቆምን። በ ስንል ከንፈርና ከንፈር ይገጥማል። መ ይገጥማል። ፐ እና ጰ እንዲሁ። ፈ ላይ የታችኛው ከንፈር የላይኛውን ጥርስ ይነካል። ወ ላይ ከንፈር ይሰበሰባል። ስድስቱንም ሠረዝናቸው። ልጁ ደስ እያለው ነበር፤ መሐል ላይ ፊቱ ተለወጠ።

«ታዲያ እማማ ማለት አይችልም?»

«አይችልም።»

«እናቱን ምን ብሎ ነው የሚጠራት?»

መልስ አልነበረኝም። ራሱ አስቦ «ሪሪ ይበላት» አለ። ሪሪ ተመዘገበ። በዘንዶ ቋንቋ የመጀመሪያው ቃል «እናት» ሆነ። እንደ ሰው ልጅ።

ከዚያ አናባቢ ላይ ደረስን። ሁ በል አልኩት። አለ። ከንፈሩ ሞጠሞጠ። ሆ በል። ያው። ካዕብና ሳብዕም ተሸኙ። ቋ፣ ጓ፣ ኳ እና ዘመዶቻቸው ተከትለው ሄዱ። የቀሩት ግዕዝ፣ ሳልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳድስ ናቸው።

ከተረፉት ፊደላት 12 መረጥኩ። ሀ ለ ረ ሰ ሸ ቀ ነ ኸ ዘ ገ ጠ ጸ። ተ፣ ደ፣ ከ እና ሌሎቹን ያወጣኋቸው በስሜት ነው። ዘንዶ «ቸ» ሲል አልታየኝም። 12 በ5 ሲባዛ 60 ይሆናል። የእኛ ገበታ ላይ 33 በ7፣ 231 ነው። ዘንዶ ከእኛ ሩቡን ያህል ብቻ ነው የሚያውቀው። ትንሽ ኮራሁ።

ኅዳር 9

የጧፍ ሙከራ።

መብራት ሄዶ ስለነበር ጧፍ ለኩሼ ተቀምጬ ነበር። ፊደሎቼን እየጠራሁ ሳለ ነበልባሉ ሲወዛወዝ አየሁ። ኸ ስል ይርገበገባል። ሸ ስል ይጎነበሳል። ሀ ብዬ በረጅሙ ስተነፍስበት ሊጠፋ ደረሰ። ቀ ስል ግን ብዙም ነቅነቅ አላለም። ጠ፣ ያው። ጸ ላይ ትንሽ ብቻ።

ነገሩ የታወቀ ነው። ቀን፣ ጠን፣ ጨን፣ ጸን፣ ጰን የቋንቋ ሰዎች ፈንጂ ይሏቸዋል። ጉሮሮ ይዘጋል፣ አፍ ውስጥ ያለችው ጥቂት አየር ትታመቅና ትለቀቃለች። ከሳንባ ትንፋሽ አይመጣም። ትንፋሽን ይዞ ቅ፣ ጥ፣ ጽ ማለት ይቻላል። ሞክሩት። ስ እና ሽ ግን አይሆንም።

እሳት ለሚተፋ ፍጡር ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ከሳንባው የሚወጣው እሳት ከሆነ፣ በ ሸ፣ በ ሰ፣ በ ኸ፣ በ ሀ ሲናገር ፊቱ ያለው ሰው ይነዳል። በ ቀ፣ በ ጠ፣ በ ጸ ሲናገር ግን ማንም አይቃጠልም። ጨዋ ዘንዶ ሰው ፊት በፈንጂ ፊደል ያወራል ማለት ነው። ፈንጂ ለጨዋነት!

ለአንድ ቋንቋ ለሚያስተምር ጓደኛዬ ደወልኩለት። ሳቀና ወዲያው አፈረሰብኝ። «ቀ ውስጥ ያለው አናባቢ እኮ ከሳንባ ነው። ቅ ብሎ ማቆም አለበት።» ልክ ነው። እንደገና ሳስበው ግን የበለጠ አማረኝ። ሰው ወዳድ ዘንዶ ስሙ በ ቅ ወይም በ ጥ ይዘጋ። እሳቱ መሐል ላይ ይነሣል፣ መጨረሻው ላይ ይታፈናል። ሰው ጠሉ ደግሞ በ ኽ ይጨርስ። ስሙን ሲነግርህ ያቃጥልሃል።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ጭስ በጭስ ሆኗል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው ይባላል። ለእኔ ሥራ ተስማሚ አየር ነው።

የግቢያችን በር ላይ በጠመኔ ሁለት ቅርጽ ሣልኩ። አንዱ ሾል ሾል ያለ፣ ሌላው ድቡልቡል። ቮልፍጋንግ ኮህለር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ የጻፈው ነገር ነው። ሰዎችን «ከሁለቱ ታኬቴ የትኛው ነው?» ስትላቸው ብዙዎቹ ሾሉን ያሳያሉ። ማሉማ ስትላቸው ክቡን። የሰፈር ልጆች ሰበሰብኩ። ታኬቴና ማሉማ ላይ እንደ መጽሐፉ ሄደልኝ። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ቃሎቹን ኪኪና ቡባ አድርገዋቸዋል፤ እሱን ስሞክር ተበላሸ። ኪኪ ሾሉ መሆን ነበረበት። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ክቡን አሳዩኝ። ለካስ እኛ ሰፈር ኪኪ የምትባለዋ ሕፃን ድብልብል ያለች ናት።

አንድ ነገር ግን አገኘሁበት። ማሉማንና ቡባን ክብ የሚያደርጉት መ፣ በ እና ኡ ናቸው። የእኔ ዘንዶዎች አንዱንም የላቸውም። ስለዚህ ሁሉም ሾል ሾል ይላሉ። ለለስላሳዋ የሚተርፉ ነ፣ ረ፣ ለ እና ዘ ብቻ ናቸው። ለውኃዋ ዘንዶ አስቀመጥኳቸው።

ኅዳር 17

አንድ ሳምንት በከንቱ ሄደ። ስሕተቱ የእኔ ነው።

ቃል የማረባው እንደ አማርኛ ይሁን ብዬ ነበር። ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ሰባራ፣ ስብራት እንደምንለው ሦስት ፊደል ሥር ይዤ። ጸ-ገ-ረን ወሰድኩ፤ ትርጉሙ «ነደደ» እንዲሆን። ጸገረ፣ ጸጋሪ፣ ጸጋራ። ታላቁ ዘንዶ «ጸጋሪ» ሆነ።

እህቴ ሰማችና «ፀጉር ቤት ሊከፍት ነው?» አለች።

በቃ። በአማርኛ ቅርጽ ከረባ አማርኛ ነው የሚመስለው፤ ግን የተበላሸ አማርኛ። አንባቢ ትርጉሙን ካላገኘሁ ብሎ ይፈልጋል። ሁሉንም ጣልኩት። አጫጭር ቃል ይሁን፣ እንዳለ ይለጠፍ፣ አይርባ። ግስ ደግሞ ፊት ይምጣ፤ እኛ መጨረሻ ላይ ነው የምናመጣው።

ኅዳር 21

60ውን ፊደል ኤክሴል ላይ ደረደርኩ። አግድምና ቁልቁል። 3,600 ጥንድ ወጣ። በጣም ብልህ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ለእህቴ ልጅ «መርጠህ አምጣ» አልኩት። ብዙም ሳይቆይ መሬት ላይ ተንከባሎ ሲስቅ አገኘሁት። ጣቱ አንዷ ሣጥን ላይ ነው። ቀ በሳልስ፣ ጠ በሳድስ። አንባቢ ራሱ ያንብበው።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቃል ሰው ፊት መጥራት ግዴታ ሆነ። ዛሬ እነዚህ ወደቁ።

ጠኔ። «ወርቅ» እንዲሆን አስቤ ነበር። ወርቅ ላይ የተኛ ዘንዶ በጠኔ አይጠራም።

ሐር። «እሳት» ነበር። ሐር ሐር ነው።

ጢዝ። «ጠበቀ» ነበር። በጣም ወድጄው ነበር። ከዓረብ አገር የተመለሱ ጎረቤታችን ቡና ላይ ሲሰሙት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ፍርፍር አሉ። «እትዬ፣ ምንድን ነው?» አልኳቸው። አልነግርህም አሉ። እህቴ ጆሮ ላይ አንሾካሾኩ። እህቴ ወደ እኔ ዞረችና «ኤክሴሉ ላይ ያገኛችሁትን ታስታውሳለህ? በዓረብኛ ነው» አለችኝ። በሁለት ቋንቋ እዚያው ቦታ ላይ ወደቅን። «ጠበቀ» አሁን ሄጥ ነው።

ሊዝ። «ውኃ» ነበር። የውኃ ጠባቂዋ ሄጥሊዝ ልትባል። የአጎቴ ልጅ «መሬት ነው የምትጠብቀው?» አለኝ። ውኃን ናል አልኩት። ስሟ ሄጥናል ሆነ። ጥሩ ነው ብዬ ሳሞካሽ ልጁ በር ላይ ቆሞ «የት ነው የሄጣችሁት?» አለኝ።

ልክ ነው። ሄደናል፣ በልተናል፣ ሄጥናል።

ውኃ በመጨረሻ ኔራ ሆነ። ሄጥኔራ። ማንም አልሳቀም።

ኅዳር 26

የሄጥናል ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ስሙ የቱንም ያህል ቢያምር የሚገባው አማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። አማርኛ ደግሞ ያገኘውን ቃል በፊትም በኋላም ይለጥፍበታል።

በ ህ ከጨረሰ «ያንተ» ይመስላል። በ ሽ ከጨረሰ «ያንቺ»። በኃምስ ከጨረሰ የእኔ ሆነ፤ እንደ ቤቴ፣ እንደ በሬ (የእርሻው በሬ ሳይሆን የደጄ በር)። በ ን ከጨረሰ «ሴንን አየሁት» ማለት ሊመጣ ነው፤ ምላስ ይያያዛል። በ ለ ከጀመረ ደግሞ ለማን እንደሆነ ይጠየቃል። ለሻቂ ብዬ ጻፍኩ፤ ሻቂ ማን ነው ተባልኩ።

ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን አይጽፈውም። ገና ብዬ ብጽፍ በዓሉ ይሁን «አልደረሰም» ይሁን የሚለየው ከዐውዱ ነው። ዋናም እንደዚያው፤ መዋኘት ነው ወይስ ዋነኛ? የራሳችንን ቃል ስለምናውቀው አንቸገርም። ሰምቶት የማያውቀውን የዘንዶ ስም ግን አንባቢ በምን ያውቃል? ስለዚህ በዘንዶ ቋንቋ የሚጠብቅ ፊደል የለም። ሁሉም ላላ።

ሌሊትን ሴን ብዬው ነበር። ሴቅ ሆነ።

ታኅሣሥ 3

ዛሬ ነገሩ ተፈታልኝ። ምሳ ሰዓት ላይ የፋሲል ግቢን አጥር ይዤ ስሄድ ነው።

ቃላት ነበሩኝ። ዚር፣ አየ። ሴቅ፣ ሌሊት። ሻቅ፣ ሰማይ። ጋኽ፣ ድንጋይ። ኸር፣ ነደደ። ሄጥ፣ ጠበቀ። ኔራ፣ ውኃ። ዚር የመጣው ከግሪክ ነው፤ ድምፁ ሳይሆን ሐሳቡ። ደራጎን የሚለው ስም በግሪክኛ «ማየት» ከሚል ግስ የመጣ ነው ይላሉ የቃላት ሊቃውንት። ዐይኑ ነው ያስጠራው። ጥርሱ አይደለም፣ እሳቱም አይደለም።

ግን ቃላቱን ሁለት ሁለት እያደረግሁ ስገጥም አሁንም የመድኃኒት ስም ነው የሚመስለው። ምን ጎደለው? እያልኩ ነው የምሄደው። ከፊቴ አንዱ አስጎብኚ ለእንግዶቹ ይናገራል። ፋሲለደስ፣ የዙፋን ስሙ ዓለም ሰገድ። ልጁ ዮሐንስ፣ አእላፍ ሰገድ። የልጅ ልጁ ኢያሱ፣ አድያም ሰገድ።

ቆምኩ።

ዓለም ሰገደለት። አእላፍ ሰገዱለት። አድያም ሰገደለት። አንድ ቅርጽ ነው፤ የሚሰግደው ብቻ ይለዋወጣል። ሦስቱም ደግሞ ዓረፍተ ነገር ናቸው። የሆነ ሰው ስለ ሆነ ሰው የተናገረው ነገር።

የእኛ ስም እኮ ብዙው እንደዚያ ነው። ሽፈራው፤ ሺህ ፈራው። ማንደፍሮ፤ ማን ደፍሮ! ደምሰው። ካሣ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው። የሚወጡት ከፊታቸው ለሞተው ነው። የእኔም ከዚያ ወገን ነው፤ ከእኔ በፊት አንድ ወንድም ነበረኝ። ስሜ በተጠራ ቁጥር እናቴ ሁለታችንንም ትጠራ ነበር ማለት ነው። እስከ ዛሬ እንዲህ አስቤው አላውቅም።

እኔ ግን ለዘንዶዎቹ ስም ሳወጣ አንድም ጊዜ እናታቸው ምን ብላ ይሆን ብዬ አልጠየቅሁም። ምን ቢባል ያስፈራል ብቻ ነበር የምለው።

ሱቅ ስመለስ ደንበኛ ተሰልፎ ነበር። አንድ ማመልከቻ ላይ የሰውየውን የአባት ስም ሁለቴ አሳሳትኩ።

ታኅሣሥ 4

እንግዲህ እያንዳንዱ ዘንዶ ሦስት ስም ይኖረዋል። የእንቁላል ስም፤ እናት ሳይፈለፈል የምትጠራው፣ አንድ ፊደል ሁለቴ፣ እንደ ሚሚና እንደ ኪኪ። የክንፍ ስም፤ መጀመሪያ የበረረ ቀን የሚወጣ፣ ዓረፍተ ነገር። የዙፋን ስም፤ ለአንዱ ብቻ። እኛም ጋ የእናት ስም፣ የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስም አለ አይደል? ቴዎድሮስ ካሣም ነበር፣ አባ ታጠቅም ነበር።

«ሰገደ» የሚል ግስ አስፈለገኝ። ጌል አልኩት። ዘንዶው ንጉሥ ጌልሻቅ ሆነ። ሰማይ ሰገደለት። በ ቅ ነው የሚዘጋ፤ ንጉሥ አፉን መግታት አለበት። የጎንደር ነገሥታት ቢሰሙ የሚቆጡ አይመስለኝም።

ታኅሣሥ 7

ሥላሴ ዋልኩ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ እነዚያ የመላእክት ፊቶች ተደርድረው ቁልቁል ያያሉ። ሁሉም ሁለት ዐይን አላቸው። በድሮው አሣሣል ደግ ሰው ፊት ለፊት ነው የሚሣለው። ክፉ ሰው በጎኑ፣ በአንድ ዐይን። ዲያብሎስም፣ አይሁድም፣ ዘንዶም። ልጅ ሆኜ አንድ ዐይናቸው የጠፋ ይመስለኝ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ የኔታን አገኘኋቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው።

«የኔታ፣ ለዘንዶ ስም እያወጣሁ ነው» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «ክርስትና ልታነሣው ነው?»

ሁሉንም አስረዳኋቸው። ተቆጥተው ይሄዳሉ ብዬ ነበር፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «በል ጥራቸው» አሉኝ። ከይሲ፣ ተመን፣ አርዌ ምድር እያሉ የግዕዙን ደረደሩልኝ። ከዚያ ዚርሴቅ ላይ ስደርስ ያዙኝ።

«ትርጉሙ?»

«ሌሊቱን አየ።»

«ዚር አየ ነው። ሴቅ ሌሊት ነው። አዪው ማነው? አንድም ሌሊቱን አየ፣ አንድም ሌሊት አየው። የቱ ነው?»

ዝም አልኩ። ቋንቋዬ «ን» የለውም። እኛ «ሌሊትን» ስንል የታየው ማን እንደሆነ ይለያል። እኔ ን ምላስ ያያይዛል ብዬ ጣልኩት፣ በምትኩም ምንም አላደረግሁም።

«ንጉሥህስ? ሰማይ ሰገደለት ነው ወይስ ለሰማይ ሰገደ?»

«እንጃ የኔታ።»

ሳቁ። «ተወው እንደዚያው። አንድምታ ይኑረው።»

ልሄድ ስል አንድ ነገር ጨመሩ። «በቀይ እንዳትጽፈው።» ቀይ ቀለም የአምላክ፣ የእመቤታችን፣ የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት ነው። የአጎቴ ልጅ ቀዩን አዘጋጅቶ እየጠበቀኝ ነበር። ደወልኩለት።

ታኅሣሥ 15

አያቴ ወሎ ተወልደው ጎንደር ያረጁ ናቸው። እስከ ዛሬ «ከቤት» አይሉም፤ «ኸቤት» ነው የሚሉት። ለእሳቸው የሰው ጠሉን ዘንዶ ስም ነገርኳቸው። ኸርጋኽ፤ ድንጋዩ ነደደ።

«ኸርጋኽ?» አሉ። «ርጋኽ የት ነው አገሩ?»

እንዲህ ነው። ለ ከፊት አይግባ ብዬ በር ስዘጋ ኸ በመስኮት ገባ። ኸርን ጸል አደረግሁት። ጸልጋኽ። አያቴ ደግመው ደጋግመው አሉትና «ይኸስ ያስፈራል፤ ኸየት አመጣኸው?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ ይበልጣል።

ታኅሣሥ 22

የጩኸት ፈተና። ስም መጠራት አለበት፤ በሩቅ፣ ተቆጥቶ፣ ለእራት። ሰባት ልጆች ሰብስቤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ስም ሰጠሁ። ግቢው ዳር ቆሜ ተጣራሁ።

ጌልሻቅ በደንብ ይጮኻል። ሄጥኔራ ስትጠራ ዜማ አላት፤ መጨረሻዋን የፈለጉትን ያህል መጎተት ይቻላል። ጸልጋኽ ጉሮሮ ይፍቃል፤ ሦስቴ ጠርቼው ሳል ያዘኝ። ጸልሴቅና ዚርኔራ ደህና ናቸው። ጸልሴቅ «ሌሊቱ ነደደ» ነው፤ የበረረው እሳት በተነሣ ማታ ስለሆነ። ዚርኔራ «ውኃ አየች» ነው፤ ክረምት ሲወጣ፣ ወንዝ ሲሞላ።

የእህቴ ልጅ ጸልጋኽ ነበር። ጨዋታው ሳያልቅ ሌሎቹ «ጸሊ! ጸሊ!» እያሉ ይጠሩት ጀመር። ሄጥኔራ ኔሪ ሆነች። ንጉሡ ጌልዬ። ሰው ወዳድ ይሁን ሰው ጠል፣ ሰፈር ከገባ ያው ነው።

ሰባተኛው ጫጩት ነው። ገና አልበረረም፣ ስለዚህ የእንቁላል ስሙን ብቻ ይዟል። ዚዚ።

ጥር 2

ጽሕፈት ተጀመረ። ብራና ላይ መጻፍና ኮምፒውተር ላይ መጻፍ አይገናኝም። መቃው ይንሸራተታል፤ ቆዳው ጠጉር የነበረበት በኩል ቀለም ይጠጣል። የ ጌልሻቅን ሻ እግር አስረዘምኩት። የአጎቴ ልጅ ምንም አላለም። ቢላ አነሣ፣ አግድም ያዘው፣ ፊደሏን ቀስ አድርጎ ፋቃት። ነጭ ብናኝ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። እፍ አለና «ድገም» አለኝ።

ሁሉም በጥቁር ነው።

ጥር 8

ስድስቱ አለቁ። ከተማው ለከተራ እየተሰናዳ ነው። የፋሲል መዋኛ ውኃ ከቀሃ ወንዝ ተለቆበት ሞልቷል። የእህቴ ልጅን ይዤው ሄጄ ነበር። ዳሩ ላይ ተንበርክኮ ሲያይ ቆየና «ሄጥኔራ እዚህ ናት?» አለኝ። ጥር 11 ያ ሁሉ ሕዝብ ሲገባባት ምን እንደምትል እንጃ አልኩት። «ትጠብቃቸዋለች እንጂ፤ ስሟ ነው» አለ።

ጥር 9

የቀረው ዚርሴቅ ነው። ስሙን ትናንት ማታ ጽፌ ነበር፤ ሥዕሉ ሙሉ ነው፣ እንደ ሌሎቹ በጎኑ፣ በአንድ ዐይን። ዛሬ ጠዋት ልወስደው ብሄድ ጭንቅላቱ የለም። ተፍቋል። የአጎቴ ልጅ ብራናው ላይ አቀርቅሯል።

«ምን ሆነብህ?» አልኩት።

«ስሙ ዚር እያለ በአንድ ዐይን አልሆነልኝም።»

«አንድም ሌሊት አየው ነው እኮ። የኔታ...»

«እሱስ ቢሆን? የሚታይ ሰው ፊቱን ያዞራል።»

ስለዚህ ፊቱን አዞረው። ጥርሱ እንዳለ ነው፣ ቀንዱ እንዳለ ነው። ግን ፊት ለፊት ነው የሚያይህ። ሌሎቹን ስድስቱን አልነካቸውም፤ ጊዜም የለም፣ ጸልጋኽም አይገባውም አለ። ለነገ ላሚኔት ይደረግ ይሆን ብዬ ልጠይቀው ነበር፤ ሲያየኝ ተውኩት።

ብራናውን መስኮት ላይ አቆምነው። ሁለተኛው ዐይን ገና አልደረቀም።